ጣሊያን የምር ለምን ወጋችን? ሕዝቧስ ምን አለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ሥራዬ ታሪክ ማስተማር ነው። እንግዳ ሲመጣ ቅዳሜና እሁድ ወደ አንኮበር ወይ ወደ ጣርማ በር ይዤ እወጣለሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚጀምረው ጣርማ በር ላይ ነው። ሚኒባሱ ጉሙን እየሰነጠቀ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ መብራት ያበራል። ወሬ ይቆማል። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በደብረ ሲና በኩል ብርሃን ብቅ ሲል አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና "ቲቸር፣ ይሄን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው አይደል?" ይላል። አዎ እላለሁ። "ይሄን ሁሉ ድንጋይ ፈልፍለው... ግን ለምን ነበር የመጡት? የምር?"

ይህን ገጽ ያጻፈችኝ "የምር" የምትለው ቃል ናት። ከታች ያሉት ደጋግሜ የምጠየቃቸው ናቸው። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን ስጠቀም እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ባጭሩ፣ ለምን ወጉን?

ሁለት ጊዜ ነው የመጡብን። ሁለቱንም ጊዜ ዋናው ምክንያት ያለው እኛ ድንበር ላይ ሳይሆን እነሱ ጓዳ ውስጥ ነው። በ1888 ዓ.ም. ፍራንቸስኮ ክሪስፒ የሚባል ጠቅላይ ሚኒስትር አገር ቤት ነገር ተበላሽቶበት ስለነበር ውጭ ድል ፈለገ። በ1928 ዓ.ም. ቤኒቶ ሙሶሊኒ ሥልጣኑን ያቆመው በጉራ ላይ ስለነበር ጉራውን በተግባር ማሳየት ነበረበት። ወደቡም፣ መሬቱም፣ ንግዱም አሉበት፤ አልክድም። ግን አገሩ ውስጥ ተደላድሎ የተቀመጠ መንግሥት ለዚህ ሲል ያን ያህል ወታደር ባሕር አያሻግርም ነበር ባይ ነኝ።

የውጫሌ ውል አይደለም እንዴ ምክንያቱ? ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው።

እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ይባስ ብዬ ለብዙ ዓመት እንደዚያው አስተምሬዋለሁ።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ "ይቻላቸዋል" ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች።

አሁን ቀኖቹን ደርድሩ። ሩባቲኖ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የገዛው በኅዳር 1862 ዓ.ም.፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ወር ነው። ጦሩ ምጽዋ ላይ የወረደው በጥር 1877 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝ እያወቀች ዝም አለች። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣሊያን ወታደር የደመሰሱት ጥር 19 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው። ውሉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ያቺ አንዲት ግስ በትክክል ብትተረጎም ኖሮ አድዋ ባልመጣ ነበር ማለት የዋህነት ነው። ሌላ ሰበብ አያጡም ነበር። ሰበብ ሌላ፣ ምክንያት ሌላ።

ለሁለተኛው ወረራ ሰበብ የሆነው የወልወል ግጭትም እንደዚሁ ነው። ግጭቱ የተነሳው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ጠቅልሎ ስለ መያዝ የጻፈው ሚስጥራዊ መመሪያ የወጣው በ25ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 21 ነው። ወረራውን በመጀመሪያ የመራው ጄኔራል ደ ቦኖ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ደግሞ እሱና ሙሶሊኒ ስለዘመቻው መመካከር የጀመሩት ገና እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ወልወል ላይ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ማለት ነው።

እሺ፣ የክሪስፒ ጓዳ ውስጥ ምን ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ የምወደው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ጣሊያን ውስጥ አንድ ትልቅ ቅሌት ፈነዳ። ብር የማተም ፈቃድ የነበረው የሮማ ባንክ ከተፈቀደለት በላይ ሲያትም፣ ለፖለቲከኞችም በገፍ ሲያበድር ተገኘ። የጠቅላይ ሚኒስትር ጆሊቲ መንግሥት በዚህ ወደቀ። በቦታው የተተካው ክሪስፒ ነው። ግን የእሱም ስም ከተበዳሪዎቹ ጋር ነበር! በዚያው ሰሞን የትውልድ አገሩ ሲሲሊ ተነሳች። ጭሰኞች ተደራጅተው መሬትና የግብር ቅናሽ ጠየቁ። ክሪስፒ በ1886 ዓ.ም. ወታደራዊ አስተዳደር አውጆ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ላከባቸው። በጥቅምት 1887 ዓ.ም. ደግሞ የሶሻሊስቶቹን ፓርቲ አፈረሰ።

ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ችግሩ መሬት መሆኑን ያውቃል። የሲሲሊን ሰፋፊ ርስቶች የሚነካ ረቂቅ ሕግ አቅርቦም ነበር። ባለርስቶቹ አላሳልፍ አሉት። እኛ አገር ለዚህ አንድ ንግግር አለ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የሲሲሊን ባላባት መንካት ያቃተው መንግሥት ለድሀ ገበሬዎቹ መሬት ኤርትራ ደጋ ላይ ሊፈልግላቸው ተነሳ። ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የሚባለው ባለሥልጣን የሠፈራውን እቅድ ይዞ መጣና የአገሬውን መሬት የመንግሥት ነው እያለ ይወስድ ጀመር። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. አካለ ጉዛይ ላይ የሸፈቱት ስለዚህ ነው። እሳቸው ተገደሉ፤ ጦሩ ግን በዚያው ወደ ትግራይ መግፋቱን ቀጠለ። አድዋ እዚያ መንገድ ላይ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጊያው አምስት ቀን በፊት፣ የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ክሪስፒ ለጄኔራል ባራቲየሪ ቴሌግራም መታ። ይህ ጦርነት ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሠራዊት ነው ብሎ ተሳለቀበት። የሠራዊቱን ክብርና የዘውዱን ዝና ለማዳን ማንኛውንም መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ ነን አለው። ልብ በሉ፤ እዚያ ላይ ስለ አንቀጽ 17 የለም። ባሪያ ስለ ማስለቀቅ የለም፣ ስለ ሥልጣኔም የለም። ክብርና ዝና ብቻ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። ባራቲየሪም ወደ 17,000 ገደማ ሰው ይዞ በሌሊት ተንቀሳቀሰ፤ የሆነውን ታውቃላችሁ።

አንኮበር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ። እንግዶቼን ከዋሻው ይልቅ የሚያስደነግጣቸው ይሄ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለ ሽማግሌ የወፍ አጥኚ የጣሊያንን የጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን እየመራ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ መቀመጫቸውም ከደብረ ብርሃን እልፍ ብሎ ልቼ ነበር። ለእንግዶቹ ሌት ማረፊያን ሰጧቸው። አንቲኖሪ ወፍ ሲያድንና ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

ከሳይንሱ ጀርባ ፖለቲካው ተከትሎ መጣ። ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ፣ የታወቁት የካርዲናል አንቶኔሊ የወንድም ልጅ፣ እዚሁ ሸዋ ከርሞ የምኒልክ ወዳጅ ሆነ። በግንቦት 1875 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል አፈራረመ። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ደግሞ በሚስጥር 5,000 ረሚንግተን ጠመንጃ ለመስጠት ተስማማ። ለምን? ጣሊያን ከአፄ ዮሐንስ ጋር ስትጣላ ምኒልክ ጣልቃ እንዳይገቡ ነዋ። ውጫሌን ያመጣውም ይኸው ሰው ነው።

እንግዲህ "ሰላማዊ ጥናት" ተብሎ የተጀመረው ነገር 20 ዓመት ሳይሞላው ጦርነት ሆነ። አንቲኖሪን አልወቅስም፤ ሰውየው የምር ወፍ ይወድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን የመንግሥት ገንዘብ ለወፍ ብቻ ብሎ አይወጣም።

የጣሊያን ሕዝብ ጦርነቱን ይደግፍ ነበር?

አብዛኛው ሰው አልተጠየቀም። ከ30 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ የመምረጥ መብት የነበረው 2 ሚሊዮን ገደማ ወንድ ነው። ዘማቹ ግን ድምፅ ከሌለው ገበሬ ነው የሚመለመለው።

ተቃውሞው ደግሞ ከአድዋ በፊት ነው የጀመረው። የዶጋሊ ወሬ ሮም ሲደርስ አንድሬያ ኮስታ የሚባል ሶሻሊስት የፓርላማ አባል ተነስቶ ለዚህ ዘመቻ አንድ ሰው፣ አንድ ሳንቲም አንሰጥም አለ። ንግግሩ መፈክር ሆኖ ቀረ። መንግሥት በበኩሉ የሞቱትን 500 ጀግና አደረጋቸው። ዛሬም ሮም ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ" ነው። ስንቱ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ ዶጋሊ የት እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሚላን ውስጥ የተቃወሙት ሶሻሊስቶች ብቻ አልነበሩም። ፋብሪካ ያላቸው ሰዎችም አጉረመረሙ። ግብራችን አሸዋ ላይ እየፈሰሰ ነው ነው ነገሩ። ፓርላማውን ደግሞ ክሪስፒ ሲመቸው ይከፍተዋል፣ ሳይመቸው ይዘጋዋል።

"ምኒልክ ለዘላለም ይኑር" ብለው ጮኹ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ተማሪዎቼ ተረት ይመስላቸዋል።

የአድዋ ወሬ በቴሌግራም እንደደረሰ ሮም፣ ሚላን፣ ቱሪን፣ ኔፕልስ ተናወጡ። ሰው አደባባይ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። "ክሪስፒ ይውረድ" ከሚለው ጋር "ቪቫ ምኒልክ" የሚል ጩኸት ተሰማ። ፓቪያ ላይ ሴቶች ሳይቀሩ ሐዲዱ ላይ ወጡ፤ ወታደር የጫነው ባቡር እንዳይንቀሳቀስ።

ይህን ሳስተምር ጠመኔውን አስቀምጣለሁ። አንዲት የፓቪያ እናት ቀሚሷን ሰብስባ ብረቱ ላይ ቆማለች። ባቡሩ እንፋሎት እየተፋ ፊቷ ቆሟል። ልጇ የተሳፈረበት ፉርጎ ሊሆን ይችላል። ትግራይ የት እንዳለች አታውቅም። የምታውቀው ከዚያ የተመለሰ ጥቂት እንደሆነ ነው።

ክሪስፒ ሳምንት አልቆየም፤ ለቀቀ። ዘመቻውን ለመቀጠል ገንዘብም ሰውም ይገኝ ነበር። አዲሱ የሩዲኒ መንግሥት ግን ሕዝቡን አይቶ ድርድር መረጠ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ውጫሌ ተሰረዘ፣ የኢትዮጵያ ነፃነት ታወቀ። ለምርኮኞቹ ቀለብ ጣሊያን 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። አድዋን ያሸነፉት አባቶቻችን ናቸው፤ ሁለተኛ ዙር እንዳይመጣ ግን የፓቪያ ሐዲድም የራሱ ድርሻ አለው ብል የሚቆጣኝ አይኑር።

ታዲያ ለእኛ አዝነው ነበር ማለት ነው?

አይመስለኝም። ጥቂቶች አዝነው ይሆናል። አብዛኛው ያዘነው ለልጁ፣ ለኪሱና ለዳቦው ነው። "ቪቫ ምኒልክ" የሚለው ጩኸትም ለጃንሆይ ፍቅር ሳይሆን ለክሪስፒ ንዴት ነው። ዶጋሊ ላይ የሞተው አንሶ፣ አድዋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር እስኪረግፍ መጠበቃቸውንም አትርሱ። ጦሩ ቢያሸንፍ ኖሮ እነዚያው ጎዳናዎች በአበባ ይሞሉ ነበር።

ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው አለ። ለእኔ ግን አያሳንሰውም። ለልጁ ብሎ ባቡር ያቆመ ሰው የማንንም ፍቅር ማስመስከር የለበትም።

በ1928 ዓ.ም. ለምን ዝም አሉ?

እንዲያውም ዝም አላሉም፤ ብዙዎቹ አጨበጨቡ። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም።

በ40 ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሰው ሳይሆን የሰው አፍ ነው። ማቴዎቲ የሚባለው ሶሻሊስት የፓርላማ አባል እ.ኤ.አ. በ1924 ተጠልፎ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1926 ሌሎች ፓርቲዎች ታገዱ፣ ተቃዋሚን የሚዳኝ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ተቃዋሚ የተባለ እንደ ሊፓሪና ፖንዛ ወዳሉ ደሴቶች ይጋዛል። ጋዜጣው የሚጽፈው የታዘዘውን ነው። ልጆች በትምህርት ቤት የአድዋን ውርደት መበቀል አለብን እየተባሉ ነው ያደጉት። በዚያ ላይ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ስንቱን ሥራ አጥ አድርጎታል። "አፍሪካ ሂድ፣ መሬት ታገኛለህ፣ ደሞዝ ታገኛለህ" ሲባል ማን ይጠላል? የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር እንኳን በስብከታቸው ዘመቻውን አወድሰዋል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ግን ነዳጅ አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ማዕቀቡ የጣሊያንን ጦር ሳያቆም ሕዝቡን እልህ አስያዘው። ታኅሣሥ 8 ሮም ላይ "የቀለበት ቀን" ተደረገ። ከንግሥት ኤሌና ጀምሮ ሴቶች ተሰልፈው የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ። በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። በጣሊያንኛ "ፌዴ" ማለት እምነትም የጋብቻ ቀለበትም ነው፤ ፕሮፓጋንዳ የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ቃል ሲያገኝ አይለቅም።

የፓቪያዋ እናት ልጅ ያገባችበትን ቀለበት አውልቃ ሰጥታ ይሆን? እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ሌላውም ነገር አልተነገራቸውም። አውሮፕላኖቹ የመርዝ ጋዝ ሲረጩ የጣሊያን አንባቢ አላወቀም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። 60 ዓመት!

ወርቅና ነዳጅ ፈልገው አይደለም?

ተስፋው ነበር። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ወረራው ሊጀመር ወር ሲቀረው፣ ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ደላላ ለአሜሪካኖች ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ አገኘ። ጃንሆይ ያሰቡት ኃያላኑን ከጎናቸው ለማሰለፍ ነበር። ዋሽንግተን ደንግጣ አሰረዘችው። ጣሊያኖችም በኋላ ፈለጉ፤ የሚያበላ ነገር አላገኙም። ኢትዮጵያ ለጣሊያን መንግሥት ከሰጠችው የበላችው ይበልጣል። ይመጣል የተባለው ገበሬም ሆለታና ቢሾፍቱ አካባቢ ጥቂት ቤተሰብ ሰፍሮ ቀረ።

ታዲያ ማንም አላተረፈም?

እንዴ፣ ያተረፈማ አለ። አገር ከሰረ ማለት ሰው አልበለጸገም ማለት አይደለም። መርከብ ያለው፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ሁሉ ከመንግሥት ካዝና ተከፍሎታል። የስዊዝ ቦይ ኩባንያ ከእያንዳንዱ የወታደር መርከብ ቀረጥ ሰብስቧል፤ ባለአክሲዮኖቹ በዋናነት ፈረንሳይና እንግሊዝ ነበሩ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጄኔቭ ላይ ሲያወግዝ ሳንቲሙ ቦዩ ላይ ይቆጠር ነበር።

የሌላ አገር ሕዝብስ?

እንግሊዞች በ1927 ዓ.ም. በተደረገ ትልቅ የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሆነው መልስ ሰጥተዋል። ከነዚህ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ወራሪ አገር ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ብለዋል። መንግሥታቸው ግን በጎን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሆርን ልኮ ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ቆራርሶ ለሙሶሊኒ የሚያጎርስ እቅድ አወጣ። ጋዜጣ ላይ አፈትልኮ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። ሆር ሥልጣኑን የለቀቀው ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ ሮም ላይ ቀለበት በሚሰበሰብበት በዚያው ቀን። አፍ ያለው ሕዝብ ሚኒስትር ሲያወርድ፣ አፉ የታሰረው ቀለበቱን ያወልቃል።

ሲልቪያ ፓንክረስትንም ማንሳት አለብኝ። አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞን ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ለንደን ላይ አቋቋመች። ከዓመታት በኋላ እዚህ መጥታ ኖራ እዚሁ አረፈች፤ መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ነው።

ከጣሊያኖች መካከል ከእኛ ጎን የቆመ ነበር?

ነበር። ካርሎ ሮሴሊ ፓሪስ ላይ ተሰድዶ ፋሺዝምን ሲታገል ከወንድሙ ጋር በሰኔ 1929 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ። ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ የተባሉ ሦስት ኮሚኒስቶች ደግሞ ጎጃም ድረስ ገብተው አርበኞቹን ረድተዋል። "ሦስቱ ሐዋርያት" ይሏቸዋል። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ልጅ "የገዛ አገራቸውን?" ይላል። የአገራቸውን መንግሥት እላለሁ።

እዚህ ሰሜን ሸዋስ ምን ሆነ?

በዚያ ዘመን መንዝና ተጉለት በአብዛኛው የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች አገር ነበር። ጣሊያን ከተማውንና መንገዱን ያዘ፤ ገደሉን አልያዘም። የጣርማ በር ዋሻም ቢሆን ለእኛ ሲባል አልተሠራም። ጦሩና ስንቁ ወደ ደሴ በቶሎ እንዲያልፍ ነው። እንግዶች "ቢሆንም መንገድ ሠርተውልናል" ሲሉ ይሄን አስታውሳቸዋለሁ። ከዚያ ደግሞ በዚያው ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ምሳ እንበላለን፤ ሕይወት እንዲህ ናት።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሲጨፈጨፉ፣ ከዚያ ከተወሰዱት ዲያቆናት ብዙዎቹ የተረሸኑት ደብረ ብርሃን አጠገብ እንጌጫ ላይ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በመንዝ በኩል ዘረት የሚባል ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ የአርበኛ ቤተሰቦች፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ በመርዝ ጋዝ ተመቱ። እጅ የሰጡት ወንዶች ገደሉ አፋፍ ላይ ተረሸኑ። ጦርነቱ አልቋል ከተባለ ሦስት ዓመት በኋላ ነው ይህ የሆነው። ለጣሊያን አንባቢ ያን ጊዜ ጦርነት የሚባል ነገር አልነበረም፤ "ሽፍታ ማጽዳት" ነበር።

የእኛስ ነገሥታት ጦርነት ምክንያቱ ንጹሕ ነበር?

ይህን የጠየቀችኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አድዋ መከላከል ነው፤ እዚያ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ከዚሁ ከሸዋ ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች መከላከል አልነበሩም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ሸዋና ጎጃም የተዋጉት ወደ ከፋ የሚወስደውን አገርና ንግዱን ማን ይያዝ ብለው ነው። ሐረር በ1879 ዓ.ም. የተያዘችው በር ስለሆነች ነው። የዝሆን ጥርሱና ቡናው ጠመንጃ ገዛ። የተሸነፈው አገር ሰው ገባር ሆነ። የዚያ አገር ልጅ ስለ ምኒልክ ሲናገር ድምፁ ከእኔ ድምፅ የሚለየው ያለ ነገር አይደለም። ለልጅቷ የመለስኩላት ይሄንኑ ነው። በማግስቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ተነጋግረን፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን፤ ተስማማን ግን አልልም።

ስለ አሁኑ ጦርነትስ ምን ትላለህ?

ይህ ጥያቄ ከኋላ ወንበር ነው የሚመጣው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ሞልታ ነበር። ከዚያ ወዲህም የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቁስሉ አልደረቀም። ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ የተቀመጠው ልጅ ወንድሙ የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ሚኒባስ ውስጥ አልመልስም። ክሪስፒን በደንብ የተረዳ ሰው ጥያቄውን ራሱ መጠየቅ ይችላል፤ ሰበቡን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ጓዳው የማን እንደሆነ፣ ባቡሩ ላይ የተጫነው የማን ልጅ እንደሆነ።

ቦታዎቹን ማየት እፈልጋለሁ። እንዴት ልምጣ?

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ገደማ ይቀራል። ጣርማ በር በደሴው መንገድ ላይ፣ ደብረ ሲና ሳይደረስ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ወደ ሌት ማረፊያ በእግር ቁልቁል ይወረዳል፤ ስትመለሱ ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆናል፣ ጉልበታችሁን ቆጥቡ። ነሐሴ ላይ አትምጡ፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ጋቢ ያዙ። ጣርማ በር ላይ ስትቆሙ ከዋሻው አፍ ትንሽ ራቅ በሉ፤ የጭነት መኪኖቹ ከጉሙ ውስጥ የሚወጡት ክላክስ ሳያሰሙ ነው።